ዝም ብሎ ሥራ መልቀቅ ስንት ያስከፍላል?

በሥራ ቦታ የሚነሣ አለመግባባትን በንግግርና በጽሑፍ ስለ መፍታት

የምንኖርባት የረሆቮት ከተማ በ1890 ስትቆረቆር ስሟ የተወሰደው ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ነው። ታሪኩን አባቶቻችንና እናቶቻችን በሚገባ ያውቁታል። የአባታችን የይስሐቅ አገልጋዮች ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሲያገኙ የጌራራ እረኞች «ውሃው የእኛ ነው» ብለው ተጣሏቸው። ይስሐቅም ያንን ትቶ ሌላ አስቆፈረ፤ በዚያም ላይ ጠብ ተነሣ። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ግን የተጣላው ሰው ስላልነበረ ቦታውን ረሆቦት ብሎ ጠራው፤ ሰፊ ቦታ እንደ ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናቆመው እዚህ ላይ ነው። ይስሐቅ ትቶ ሄደ፣ ትቶ ሄደ፣ በመጨረሻ ሰፋለት እንላለን። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር አለ። ንጉሡ አቢሜሌክ ሹማምንቱን ይዞ ወደ ይስሐቅ በመጣ ጊዜ ይስሐቅ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ አልተቀበለውም። አስቀድሞ ቅሬታውን ፊት ለፊት ነገረው፤ እንደጠሉትና እንዳባረሩት አስታውሶ ለምን እንደመጡ ጠየቀ። የእነሱን መልስ ከሰማ በኋላ ነው ማዕድ ያቀረበላቸው፤ በማግስቱም ተማምለው በሰላም ተለያዩ። ቅሬታው ቀደመ፣ ማዕዱ ተከተለ፣ ውሉ በመሐላ ጸና።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ጉዳይ ከዚሁ ጋር የሚገናኝ ነው። በቂርያት ሞሼም ሆነ በሌሎች የከተማችን ሰፈሮች በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በወጥ ቤት፣ በፋብሪካና አረጋውያንን በመንከባከብ የሚሠሩ ብዙ ወላጆች አሉ። በሥራ ቦታ ሲበደሉ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ወር ዝም ይላሉ፣ ሁለት ወር ዝም ይላሉ፣ ዓመት ይታገሣሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን ቁልፉን አስቀምጠው ይሄዳሉ። ማንንም አልሰደቡም፣ ከማንም አልተጣሉም፣ ክብራቸውን ጠብቀው ወጡ። ነገር ግን በእስራኤል ሕግ ዓይን ሲታይ፣ በዚህ አወጣጥ ብዙ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ትተው ሄደዋል።

ዝምታችን እንዴት ይነበባል?

እኛ ባደግንበት ባህል ዝምታ ትርጉም አለው። የተቀየመ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ የቅርብ ሰው ያንን አይቶ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። በታላቅ ሰው ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ አክብሮት ነው። «እሺ» ማለትም ሁልጊዜ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም፤ ሰምቻለሁ፣ በሰው ፊት አልሟገትህም ማለትም ሊሆን ይችላል። ይሉኝታ ያለው ሰው የሚገባውን ገንዘብ ሲጠይቅ እንኳ ስስታም እንዳይባል ይሳቀቃል።

የሥራ ኃላፊው፣ ሜናሄሉ፣ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ ያደገው ሰው ያልመሰለውን ነገር ወዲያው ፊት ለፊት በሚናገርበት አገር ነው። ይህንኑ ዓይነት አነጋገር እዚህ «ዱግሪ» ይሉታል። በእሱ ዘንድ ያልተናገረ ሰው ችግር የለበትም፤ «በሴዴር» ያለ ሰው ተስማምቷል። ዓይኑን የሰበረ ሰው ደግሞ፣ ይባስ ብሎ፣ የሚደብቀው ነገር ያለ ሊመስለው ይችላል። እኛ ዓመት ሙሉ ቅሬታችንን በፊታችን ስንናገር፣ እሱ ዓመት ሙሉ አልሰማም።

በተቃራኒውም ስሕተት አለ። ኃላፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር እኛ «ተዋረድኩ፣ ተሰደብኩ» ብለን እንመለሳለን። እሱ ግን ከወንድሙም ጋር እንዲያ ነው የሚነጋገረው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቡና ይጋብዛል። ስለዚህ ጩኸትን ሁሉ ስድብ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ነገር ግን በቆዳ ቀለም ወይም በትውልድ አገር ላይ የመጣ ንግግር «የአገሩ ጠባይ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በ1988 የወጣው የእኩል የሥራ ዕድል ሕግ በዘርና በትውልድ አገር ምክንያት በሠራተኞች መካከል ማድላትን ይከለክላል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ለመለየት ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሕጉ ለተናገረ ሰው ያደላል

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ዝም ብሎ የሚለቅ ሠራተኛ በሦስት በኩል ሊጎዳ ይችላል።

የመጀመሪያው የስንብት ካሣ፣ ፒጹዪም የምንለው ነው። በ1963 በወጣው ሕግ መሠረት በአንድ አሠሪ ዘንድ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው ሲባረር፣ በጥቅሉ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይገባዋል። በወር 7,000 ሼቄል የምታገኝና 6 ዓመት የሠራች እናት ብትባረር ስሌቱ 42,000 ሼቄል ነው። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ግን በመሠረቱ ይህን አያገኝም። በውላቸው «አንቀጽ 14» የሚባለው ስምምነት ያለባቸው ሠራተኞች ቢለቁም በስማቸው ለፒጹዪም የተጠራቀመውን ያገኛሉ፤ እናንተ በየትኛው እንደሆናችሁ ሳትለቁ በፊት ማወቅ ይገባችኋል።

ሕጉ በፈቃድ ለለቀቀ ሰው የከፈተው በር አለ። የሥራው ሁኔታ በጣም ተበላሽቶ ሰው ሊቀጥልበት የማይችል ከሆነ፣ ለምሳሌ ደመወዝ ያለ ስምምነት ቢቀነስ ወይም በተደጋጋሚ ቢዘገይ፣ የለቀቀው ሠራተኛ እንደተባረረ ይቆጠራል፤ ፒጹዪምም ያገኛል። ፍርድ ቤቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ከመልቀቅህ በፊት ችግሩን ለአሠሪህ ነግረኸዋል ወይ? እንዲያስተካክል ጊዜ ሰጥተኸዋል ወይ? ሳይናገር የወጣ ሰው በደሉ እውነት ቢሆን እንኳ ክርክሩ ይከብደዋል። ተናግሮ፣ ጽፎ፣ ጠብቆ የወጣ ሰው ግን በእጁ ማስረጃ አለው።

ሁለተኛው የሥራ አጥነት ክፍያ ነው። ቢቱዋሕ ሌኡሚ በቂ ምክንያት ሳይኖረው በፈቃዱ ለለቀቀ ሰው የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት አይከፍለውም። ምክንያቱ በቂ እንደነበረ ማሳየት ያለበት የለቀቀው ሰው ነው። እዚህም የሚጠቅመው ቀድሞ የተጻፈ ነገር ነው።

ሦስተኛው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው። በ2001 በወጣው ሕግ መሠረት አሠሪም ሠራተኛም ከመለያየታቸው በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ አለባቸው። በወር ደመወዝ የሚሠራና አንድ ዓመት የሞላው ሰው የማስጠንቀቂያ ጊዜው አንድ ወር ነው። ቁልፍ አስቀምጦ በዚያው ቀን የሄደ ሰው የዚህን ጊዜ ደመወዝ ያህል ሊጠየቅ ይችላል።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረታችን። ለሐሜት እውነት ነው። ለደመወዝ ግን አይሠራም።

መነሻው ትሉሽ ነው

አብዛኛው የሥራ ጠብ የሚጀምረው ከደመወዝ ወረቀት፣ ከትሉሽ ነው። አሠሪ የወሩን ትሉሽ እስከሚቀጥለው ወር 9ኛ ቀን ድረስ መስጠት አለበት። በ1958 የወጣው የደመወዝ ጥበቃ ሕግ በ2008 ተሻሽሎ በትሉሹ ላይ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት በዝርዝር ይናገራል፦ የተሠሩት ሰዓቶች፣ የሰዓቱ ዋጋ፣ የተቆረጠው ገንዘብና ምክንያቱ፣ የቀረው የዕረፍትና የሕመም ቀን። አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው ደግሞ በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ በ30 ቀን ውስጥ ማግኘት አለበት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ግማሹን ጥያቄ ይመልሳል።

ትንሽ የምትመስል ጉድለት ምን ያህል እንደምታድግ በምሳሌ እንይ። አንድ ሠራተኛ በሰዓት 40 ሼቄል ይከፈለዋል እንበል። በወር 12 የትርፍ ሰዓት ይሠራል። ሕጉ በቀን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት የትርፍ ሰዓቶች 125 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 150 በመቶ እንዲከፈል ያዝዛል። አሠሪው ግን 12ቱንም ሰዓት በ40 ሼቄል አስቦ ቢከፍለው በእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ 10 ሼቄል ጎደለ ማለት ነው። በወር 120፣ በዓመት 1,440፣ በ7 ዓመት 10,080 ሼቄል ይሆናል። ሰባት ዓመት ያልነው የደመወዝ ጥያቄ በፍርድ ቤት የሚቀርብበት ጊዜ በመሠረቱ 7 ዓመት ስለሆነ ነው። የዓመት ዕረፍት ጥያቄ ግን በ3 ዓመት ያልፋል። የዘገየ ሰው ይከስራል።

ይህን ለመከታተል ብዙ ዕብራይስጥ አይጠይቅም። የኪስ ደብተር ያዙ። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በአማርኛ ቁጥርም ቢሆን በየቀኑ ጻፉ። የሥራ ሰዓት መዝገብ መያዝ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ መዝገብ ካላቀረበም ሕጉ በተወሰነ መጠን የማስረዳቱን ሸክም ወደ እሱ ያዞራል። የእናንተ ደብተር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ለንግግሩ ይጠቅማል፤ «ይጎድላል መሰለኝ» ከማለት «ግንቦት 5፣ 12 እና 19 ይጎድላል» ማለት ይሻላል።

እንዴት እንናገር?

«ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶች ቃል ለሥራ ቦታም ልክ ነው። ጥቂት ነገሮችን ማሰብ ንግግሩን ከጠብ ያድነዋል።

ጊዜውን ምረጡ። ሥራ በበዛበት ሰዓት፣ በሌሎች ሠራተኞች ፊት ወይም በስልክ እየጮኹ የተጀመረ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ በጠብ ያልቃል። «አምስት ደቂቃ ለብቻችን እንነጋገር፤ መቼ ይመችሃል?» ማለት ይበቃል።

ስለ ነገሩ ተናገሩ፤ ስለ ሰውየው አይሁን። «ሁልጊዜ ታታልሉናላችሁ» የሚለው ንግግር ኃላፊው ራሱን እንዲከላከል ያደርገዋል፤ የጎደለው ሰዓትም ይረሳል። «በዚህ ወር ስድስት ሰዓት ይጎድላል፤ ደብተሬ ይኸው» የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል።

አንድ ጉዳይ ብቻ አንሡ። የዓመቱን ቅሬታ በአንድ ቀን ማፍሰስ ልብ ያቀልላል፤ ነገር ግን የሚሰማው ሰው የትኛውን እንደሚመልስ አያውቅም። በጣም የከበደውን አስቀድሙ።

የእሱንም ስሙ። ምናልባት ካርዱ በትክክል አልተመታ ይሆናል፤ ምናልባት የሒሳብ ክፍሉ ተሳስቶ ኃላፊው ራሱ አላየውም። የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩት፦ «ያልከው ካርዱ ሁለት ቀን አልተመዘገበም ነው አይደል?» ይህ የተነጋገራችሁበትን ነገር ያጠራል፣ ዕብራይስጥ ያልተረዳችሁበት ቦታ ካለም ወዲያው ይገኛል።

ቀን ቆርጣችሁ ተለያዩ። «እናያለን» መልስ አይደለም። «እስከ መቼ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ።

በመጨረሻም ጻፉት። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ ከንግግሩ በኋላ በዚያው ቀን በዋትስአፕ አጭር መልእክት ላኩ። የሚከተለውን እንዳለ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ የተጻፈው ለሴት ነው፣ ወንድ «ሜቫቄሼት» በሚለው ፋንታ «ሜቫቄሽ» ይበል፦

«ሻሎም። ባትሉሽ ሼል ሖዴሽ ማይ ሐሴሮት ሊ ሼሽ ሻዖት። አኒ ሜቫቄሼት ሊቭዶቅ ቬለታኬን። ቶዳ።»

ትርጉሙ «ሰላም። በግንቦት ወር ትሉሽ ላይ ስድስት ሰዓት ይጎድለኛል። እንዲታይና እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ» ማለት ነው። ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ቀኑም ሰዓቱም በስልካችሁ ላይ ይቀራል።

ሽምግልናችን ምን ያስተምረናል?

አንዳንድ ሰው «እኛ መናገር ያልለመድን ሕዝብ ነን» ሲል ይሰማል። ይህ እውነት አይደለም። በአገራችን በኢትዮጵያ ባለጉዳዮች በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ»፣ «ተጠየቅ» እየተባባሉ በተመዘነ ቃል ይሟገቱ ነበር። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰውም ዝም እንዲል አይጠበቅም። አንዱ ተነሥቶ ያለውን ሁሉ ይናገራል፤ ሌላው አያቋርጠውም። ተራው ሲደርስ እሱም ይናገራል። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው ይመክሩና ይመለሳሉ። ሰው የሚያፍረው በመናገሩ ሳይሆን ሳይጠየቅ ጣልቃ በመግባቱ፣ በመሳደቡና በመዋሸቱ ነው።

ያ ሥርዓት እዚህ አገር ሲመጣ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም እማኙ ነው። በመንደር ውስጥ የተባለውን ሁሉ ጎረቤት ሰምቷል፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው በሰንበትም በለቅሶም ከዚያው ሕዝብ ጋር ይገናኛል። እዚህ ግን የሥራ ኃላፊው በዓመት ሊቀየር ይችላል፤ ቃብላኑም ጨረታ ተሸንፎ በሌላ ሊተካ ይችላል። ቃል የገባላችሁ ሰው ከሄደ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። እዚህ እማኙ ወረቀት ነው። ስለዚህ «በቃሌ አላመነም» ተብሎ ቅሬታ መያዝ አያስፈልግም። «ጻፍልኝ» ማለት እዚህ አገር አለማመን አይደለም፤ የአገሩ ሽምግልና እንዲህ ነው።

ሽማግሌዎቻችንም እዚህ ሚና አላቸው። አንድ ወጣት ወይም አንዲት እናት «ነገ ጥዬ እወጣለሁ» ብላ ምክር ስትጠይቃቸው «ታገሺ» ብቻ ወይም «ተይው ይቅርብሽ» ብቻ አይበሏት። «ነግረሻቸዋል ወይ? ጽፈሻል ወይ? ምን መለሱልሽ?» ብለው ይጠይቋት። ይህ ጥያቄ የፍርድ ቤቱም ጥያቄ ነው።

ለሺሙዓ የተጠራ ሰው

በሥራ ላይ ከሚያስደነግጡ ደብዳቤዎች አንዱ የሺሙዓ ጥሪ ነው። ሺሙዓ ማለት ሰውን ከማባረር በፊት መስማት ማለት ነው፤ ቃሉም ከእኛው «መስማት» ጋር አንድ ሥር አለው። አሠሪ ሠራተኛን ለማባረር ሲያስብ ምክንያቱን አስቀድሞ ሊነግረው፣ የሚዘጋጅበት ጊዜ ሊሰጠውና መልሱን በቅን ልብ ሊሰማው ይገባል። የአገሪቱ ከፍተኛ የሥራ ፍርድ ቤት በ2003 በዶክተር ዮሲ ጉተርማንና በኤሜቅ ይዝርኤል ኮሌጅ መካከል በነበረው ክርክር ላይ ይህ መብት ግዴታን ለመወጣት ብቻ የሚደረግ ሥነ ሥርዓት እንዳልሆነ ገልጿል። መስማቱ ከውሳኔው በፊት መሆን አለበት፤ ተወስኖ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ሺሙዓ መስማት አይባልም።

ብዙ ወላጆች ጥሪው ሲደርሳቸው «አበቃ» ብለው ወይ አይሄዱም፣ ወይ ሄደው አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። የተባለው ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ እውነት ቢሆንም የሚያስረዳ ምክንያት ሊኖር ይችላል። የታመመ ልጅ፣ የተቀየረ የአውቶቡስ ሰዓት፣ ያልተብራራ ትእዛዝ ማስረጃ ነው፤ ካልተነገረ ግን ማንም አያውቀውም። ደብዳቤውን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ምክንያቱ ካልተጻፈበት በጽሑፍ ጠይቁ። ቀኑ በጣም ከቀረበ እንዲራዘም ጠይቁ። ከጎናችሁ የሚቀመጥና የሚያስተረጉም ሰው ወይም ጠበቃ ይዛችሁ ለመምጣት ጠይቁ። የተባለው ሁሉ እንዲጻፍና ቅጂው እንዲሰጣችሁ አሳስቡ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«አኒ ጽሪኻ ዝማን ለሂትኮኔን፣ ቬአኒ ሮጻ ላቮ ኢም ሜላቬ።»

ይህም «ለመዘጋጀት ጊዜ ያስፈልገኛል፤ አብሮኝ የሚመጣ ሰውም ይዤ መምጣት እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ወንድ «ጻሪኽ» እና «ሮጼ» ይበል።

በዚያ ክፍል ውስጥ ወረቀት ቢቀርብላችሁ ያልገባችሁን አትፈርሙ። በተለይ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ወይም «ምንም የቀረኝ ገንዘብ የለም» የሚል ጽሑፍ ሊሆን ስለሚችል ወስዳችሁ አስነብቡት። «ነገ እመልሰዋለሁ» ማለት ነውር አይደለም።

ልጆቻችንን መሐል አናስገባ

ሌላው የቤታችን ጉዳይ ነው። ዕብራይስጡ ስለሚከብደን የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስልክ አንሥቶ ከአባቱ ኃላፊ ጋር ሲከራከር ይታያል። ደብዳቤ ማንበብ ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ልጅ ቢረዳ ጥሩ ነው። ጠብን ማስተርጎም ግን ለልጅ ከባድ ሸክም ነው። አባቱ የተነገረውን ክፉ ቃል የሚሰማው በቅድሚያ እሱ ነው። አንዳንዴ አባቱን እንዳያሳዝን ቃሉን ያለሰልሳል፤ አንዳንዴም አፍሮ የአባቱን መልስ ያሳጥራል። ስለዚህ ንግግሩ ይበላሻል፤ በቤት ውስጥም የወላጅ ቦታ ይነካል።

ለእንዲህ ያለው ጊዜ ያደገ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ ወይም የማኅበረሰብ ሠራተኛ ይምረጡ። ልጆቻችሁ ሥራ ሲጀምሩም፣ በበጋ ዕረፍት በሱፐርማርኬት ወይም በአዳራሽ ቢሠሩ እንኳ፣ ትሉሻቸውን አብራችኋቸው እዩ። ሥራ ስለተገኘ ብቻ ዝም ማለት እንደማይገባ ከእናንተ ይማሩ።

ካልሰሙንስ?

ጥሩ ንግግር ሁሉንም አሠሪ ቅን አያደርገውም። ተናግራችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ቀጠሮው ካለፈ ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሄድ ጠብ መፈለግ አይደለም። መጀመሪያ ከኃላፊው በላይ ወዳለው ሰው ወይም ወደ ደመወዝ ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቱ። የሠራተኞች ኮሚቴ፣ ቫዓድ፣ ካለ ንገሩት። የሂስታድሩት አባል ከሆናችሁ ወደዚያ ሂዱ።

በቃብላን በኩል በጽዳት፣ በጥበቃ ወይም በምግብ ዝግጅት የምትሠሩ ደግሞ ሁለት በር እንዳላችሁ ዕወቁ። በ2011 የወጣው የሥራ ሕጎችን ማስከበሪያ ሕግ አገልግሎቱን ያዘዘው ድርጅት፣ ማለትም ሕንፃው የሚጸዳለት ወይም የሚጠበቅለት ድርጅት፣ የቃብላኑ ሠራተኞች ስለ መብታቸው መጣስ የሚያስታውቁበትን መንገድ እንዲያዘጋጅ ያዝዛል። ለተወሰኑ መብቶችም እሱ ራሱ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ «ቃብላኑ አልሰማኝም» ብሎ ማቆም አይገባም።

ብዙ ሰው የሚፈራው «ብናገር ያባርሩኛል» ብሎ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ሕግ አለ። በ1997 የወጣ ሕግ አሠሪው የፈጸመውን የሕግ ጥሰት በቅን ልብ ለሚመለከተው አካል ያመለከተን ሠራተኛ በዚያ ምክንያት ማባረርን ይከለክላል። እዚህም ቀን ያለው ጽሑፍ በእጅ መኖሩ ወሳኝ ነው፤ ማመልከቻው ከመባረሩ በፊት እንደነበረ የሚያሳየው እሱ ነውና።

ምክር ለማግኘት ከ1991 ጀምሮ ሠራተኞችን የሚረዳው ካቭ ላኦቬድ አለ። የእኛን ማኅበረሰብ በሕግ ጉዳይ የሚረዳውና በ2000 የተቋቋመው ጠበቃ የሚባለው ድርጅት ስሙም ቋንቋውም የእኛ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ከፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ እርዳታ ክፍል መጠየቅ ይችላል። ስለ ሥራ አጥነት ክፍያ የቢቱዋሕ ሌኡሚ ስልክ ኮከብ 6050 ነው። በከተማችን ውስጥ የትኛው ቢሮ የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ የኢሪያውን 106 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ወደ የትኛውም ስትሄዱ የመጨረሻዎቹን ትሉሾች፣ የሰዓት ደብተሩንና የላካችሁትን መልእክት ይዛችሁ ሂዱ። የሚሰማችሁ ሰው ሥራው በግማሽ ይቀልለታል።

በዚህ ወር ከ9ኛው ቀን በኋላ አንድ ነገር አድርጉ። ትሉሹን ከመሳቢያ አውጥታችሁ ከሰዓቱ ጋር አስተያዩት። ልክ ከሆነ መልካም፤ አስቀምጡት። ከጎደለ ግን ሌላ ወር አትጠብቁ፤ ያችን ሦስት መስመር መልእክት ላኩ። ሥራውን መውደዳችሁም ሆነ ልትለቁ ማሰባችሁ ልዩነት የለውም። ለሚቆይ ሰው ሰላም ትሰጠዋለች፤ ለሚሄድ ሰው ደግሞ መብቱን ይዞለት ይወጣል።